በሮክቪል ሰልፍ የወጣን ሰዎች፣ ጠበቆቹ ከየት እንደመጡ እናውቃለን?

ሲልቨር_አባት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጎበዝ። በሰኔ 2023 ሜሪላንድ፣ ሮክቪል የትምህርት ቦርዱ ሕንፃ ፊት ለፊት ነጠላ ለብሰው የቆሙት እናቶች ፎቶ ሰሞኑን በየቴሌግራሙ እንደገና ይዞራል። ከሥሩ «እግዚአብሔር ድል ሰጠን» ተብሎ ተጽፎበታል። ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በ2022 መገባደጃ ላይ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችና ትራንስጀንደር ገጸ ባሕርያት ያሉባቸው የልጆች ተረት መጻሕፍት አስገቡ። መጀመሪያ ያልፈለገ ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችል ነበር፤ በመጋቢት 2023 ይህ ቀረ ተባለ። ሙስሊሙም፣ ተዋሕዶውም፣ ካቶሊኩም አብሮ ሰልፍ ወጣ። ክሱ «ማሕሙድ እና ቴይለር» ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሰኔ 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ተፈረደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ልጆች አሉኝ፣ ውሳኔውም አላስከፋኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰልፍ ብቻውን ጉዳይን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አያደርስም። ጠበቃ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ጆሮ የሚሰጡ ዳኞች ይፈልጋል። ለወላጆቹ የተሟገተው ቤኬት የሚባል የሕግ ድርጅት ነው። አብዛኞቹን ዳኞች እዚያ ወንበር ላይ ያደረሳቸው ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተደራጀው የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ድምፅ ነው። እኛ በመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው የተሳፈርነው። አውቶቡሱ ከየት ተነሣ፣ ወዴትስ ነው የሚሄደው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቡና_ያለ_ስኳር

«ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን አላነበብክም መሰለኝ 😀

ዘሲያትል_ዲያቆን

ወንድሜ ሲልቨር፣ ነገር አታወሳስብ። ልጄን በሃይማኖቴ ላሳድግ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው የሪፐብሊካን አጀንዳ የሆነው? ሰልፍ የወጡት እናቶች ማን ዳኛ እንደሾመ አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። የስድስት ዓመት ልጅ ያላት እናት «መጽሐፉን ከማንበባችሁ በፊት ንገሩኝ» አለች። አለቀ። አንዱ ረዳ፣ ሌላው ደገፈ፤ ማን እንደረዳት እየመረመርን መብቷን ልናጣጥልባት ነው?

ሕግ_ቤት

ዲያቆን፣ መብቷን ያጣጣለ የለም። ግን የሲልቨር ጥያቄ መልስ አለው፣ ታሪኩን ላስገባ። (የሕግ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ምክር እንዳትጠይቁኝ።)

ብዙ ሰው ይህ እንቅስቃሴ በጽንስ ማቋረጥ የተጀመረ ይመስለዋል። ነገር ግን የደቡብ ባፕቲስቶች ኅብረት፣ በአገሪቱ ትልቁ የፕሮቴስታንት ድርጅት ማለት ነው፣ በ1971 ሴንት ሉዊስ ላይ ባወጣው መግለጫ አባላቱ በአስገድዶ መድፈር፣ በዘመዳሞች ግንኙነት፣ በጽንሱ ከባድ ጉድለት፣ በእናቲቱም የአካል፣ የአእምሮና የስሜት ጤና ምክንያት ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ እንዲሠሩ ጠይቆ ነበር። በጥር 1973 ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ የፈቀደው «ሮ እና ዌድ» ሲፈረድ ጎልቶ የተሰማው የካቶሊኮች ተቃውሞ ነው።

ብዙዎቹን የወንጌላውያን መሪዎች ቀድሞ ያስቆጣው የግብር ጉዳይ ነው። በደቡብ ክፍላተ ግዛት ጥቁር ተማሪ የማይቀበሉ የግል ትምህርት ቤቶች በዝተው ነበር። በ1971 ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከግብር ነፃ ሊሆን አይገባውም አለ። በሳውዝ ካሮላይና ያለው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ነጭና ጥቁር ተማሪ እንዳይጠናኑ የሚከለክል ደንብ የነበረው፣ በ1976 ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ተነጠቀ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1983 በ8 ለ1 ተረታ። ደንቡን ያነሣው ግን በ2000 ነው! ፖል ዋይሪክ የሚባል የፖለቲካ አደራጅ ይህን ቁጣ አይቶ ፓስተሮቹን ማሰባሰብ ያዘ፤ በ1979 የቨርጂኒያው ሊንችበርግ ፓስተር ጄሪ ፋልዌል የሚመራው ሞራል ማጆሪቲ የሚባል የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የፖለቲካ ማኅበር ተቋቋመ።

በነሐሴ 1980 የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሬገን ዳላስ ሄዶ በሺዎች ለሚቆጠሩ ፓስተሮች ያለውን ሳትሰሙት አትቀሩም፦ እናንተ እኔን ልትደግፉ እንደማትችሉ አውቃለሁ፣ እኔ ግን እናንተን እደግፋለሁ። «አትችሉም» ያለው ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ዕጩ እንዳይደግፍ የሚከለክል ሕግ ስላለ ነው። የጆንሰን ማሻሻያ ይሉታል። በሐምሌ 2025 የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ ፓስተር በአምልኮ ላይ ለምእመናኑ ስለ ዕጩ ቢናገር ሕጉን እንደጣሰ አይቆጠርም ብሏል። ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ ከዚህ መለካት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የዳኞቹ ሥራ መጣ። ፌደራሊስት ሶሳይቲ የሚባለው የወግ አጥባቂ ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1982 በሕግ ተማሪዎች ተመሠረተ። የቤተ ክርስቲያን ድርጅት አይደለም፤ ግን ወግ አጥባቂው ክርስቲያን ድምፁን ሰጠ፣ ይህ ወገን ደግሞ የዳኞች ስም ዝርዝር አዘጋጀ። በ2016 ከነጭ ወንጌላውያን መራጮች 81 በመቶ ያህሉ ለትራምፕ ድምፅ ሰጡ። እሱም ሦስት ዳኞች ሾመ። ሰኔ 24 ቀን 2022 «ሮ» ተሻረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «ማሕሙድ» መጣ። «ሮ»ን የሻሩት አምስቱ ዳኞች በ«ማሕሙድ» ለወላጆቹ ከፈረዱት ስድስቱ መካከል ናቸው።

ለሚዛን ያህል፣ ቤኬት የክርስቲያን ብቻ ጠበቃ አይደለም። በ2015 አርካንሶ እስር ቤት ውስጥ ጢሙን እንዳያሳድግ ለተከለከለ ሙስሊም ተከራክሮ አሸንፏል።

የዳላሱ_ጴንጤ

ወንድም ሕግ ቤት፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል፣ ነገር ግን የአንድ ወገን ታሪክ ጸሐፊዎችን ትረካ ነው እንደ ወንጌል ያቀረብከው። ሌሎች አይስማሙም። በደቡብ ያለ ተራ አማኝ በቦብ ጆንስ ግብር ተናዶ አይደለም ከቤቱ የወጣው። በ1962 እና በ1963 ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመራ ጸሎትንና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን ከለከለ፣ ጽንስ ማቋረጥ በመላ አገሪቱ ተፈቀደ፣ ሰውየው አገሩ ከእጁ የወጣች መሰለው። አደራጁ የራሱ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል። የሚያለቅሱ እናቶችን ግን ማንም አልፈጠራቸውም።

ሌላው፦ ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓስተር ነበሩ። የሲቪል መብት ሰልፎች የተጠሩት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ «ሃይማኖት ፖሊሲ ውስጥ ገባ» ብሎ የሚያማርር ተራማጅ አልነበረም። ታዲያ የኛ ሲሆን ለምን ይጨንቃችኋል?

ደግሞ ፔፕፋርን፣ የአሜሪካን የኤች አይ ቪ ዕርዳታ ፕሮግራም፣ እንዳትረሱ። በጥር 2003 ቡሽ 15 ቢሊዮን ዶላር ለኤች አይ ቪ ብሎ ሲያውጅ ከኋላው የገፉት ወንጌላውያን ናቸው። ኤድስን የኃጢአት ደመወዝ አድርገው ሲያዩ የነበሩ እንደ ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ያሉ ሰዎች ልባቸው ተመለሰ። በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አገር ቤት በዚያ ገንዘብ ስንት ሰው እንደተረፈ የሚያውቅ ይመስክር።

ሲስተር_ከጎፋ

እኔ ልመስክር፣ ዳላስ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነርስ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው እንጦጦ ጸበል ይወጣል። ሰው ተሸክመው አምጥተውት በሁለት ወሩ በእግሩ ሲመጣ አይቻለሁ። አንዳንዱ እምነቴን ክጃለሁ ብሎ መድኃኒቱን ይተው ነበር፤ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ማለታቸው ለእኛ ከስንት ሥልጠና በላይ ነው የረዳን። ስለዚህ ፔፕፋርን ስታመሰግን እኔም አሜን እላለሁ።

ግን ገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፣ እሱን አልጠቀስክም። ሕጉ ለመከላከል ከተመደበው ገንዘብ ሲሶው ከጋብቻ በፊት መታቀብን ለማስተማር ይዋል ይል ነበር። «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የሚለውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ መጠቀም የምትለዋ፣ ኮንዶሙ ማለት ነው፣ እንደ እንጀራ ልጅ ነበር የምትታየው። በባሏ የተያዘች ሴት ከምን ልታቀብ? ግዴታው በ2008 ላላ። በ2016 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 22 የአፍሪካ አገሮችን መርምረው ለመታቀብ ትምህርት የወጣው 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሰውን ባሕርይ ስለመለወጡ ማስረጃ አላገኙም።

የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። በ1984 ሬገን ያወጣው፣ የአሜሪካን የቤተሰብ ምጣኔ ዕርዳታ የሚወስድ የውጭ ድርጅት በራሱ ገንዘብም ቢሆን ጽንስ ማቋረጥ ላይ እንዳይሠራ፣ እንዳይመክርም የሚያስገድደው ፖሊሲ። ዴሞክራት ሲገባ ይነሣል፣ ሪፐብሊካን ሲገባ ይመለሳል፦ ክሊንተን በ1993 አነሣ፣ ቡሽ በ2001 መለሰ፣ ኦባማ በ2009 አነሣ፣ ትራምፕ በ2017 መልሶ ለጤና ዕርዳታው ሁሉ አሰፋው፣ ባይደን በ2021 አነሣ፣ በጥር 2025 እንደገና ተመለሰ። የእኛ አገር ሕግ ግን በ2005 ተሻሽሏል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ለተደፈረች፣ ለታመመች፣ ልጅ ለማሳደግ ላልደረሰች ልጅ ይፈቅዳል። እዚህ ሕጋዊ የሆነ አገልግሎት እዚያ በተፈረመ ወረቀት ይዘጋል። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ቅድመ ሁኔታውን አልፈርምም ብሎ ገንዘቡን ያጣ ድርጅት ነው። ገንዘቡ ሲቋረጥ ቀድሞ የሚጠፋው ኮንዶሙ፣ ክኒኑና መርፌው ነው። በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 26 የአፍሪካ አገሮችን አይቶ፣ ፖሊሲው በሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት ይህ ዕርዳታ በብዛት በሚገባባቸው አገሮች ጽንስ ማቋረጥ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ያህል ጨመረ ብሏል። አልቀነሰም፣ ጨመረ! ለሕይወት እንቆማለን የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

የዳላሱ_ጴንጤ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ከልቤ ነው። ስለ መታቀቡ ገንዘብ አልከራከርም። በ1984ቱ ፖሊሲ ግን አልስማማም። የአንድ ዜጋ ግብር ሕሊናው ለማይቀበለው ነገር አይዋል ማለት የሞራል ጥያቄ ነው፤ በጥናት ውጤት አይሻርም። ገንዘቡ የእነሱ ነው።

ሲስተር_ከጎፋ

የእነሱ ገንዘብማ ከ1973 ጀምሮ በሕግ ለጽንስ ማቋረጥ አይውልም፣ የሄልምስ ማሻሻያ አለ። ያንኑ ያልካቸውን ሴናተር ማለቴ ነው። ይህኛው ፖሊሲ የሚከለክለው ድርጅቱ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሠራውን ነው። ልዩነቱን ያዝልኝ።

አቡ_ሐያት

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ በሰኔ 2023 ሰልፍ ላይ ነበርኩ። በአንድ በኩል የወሎ ሙስሊም እናቶች፣ በሌላው የተዋሕዶ እናቶች፣ ውኃ ሲቀባበሉ ነበር። አገር ቤት ያሉ ሰዎች ያን ቢያዩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ነገር ግን የሲልቨር ጥያቄ እኔን ከእናንተ ይበልጥ ይመለከተኛል። በ2017 የሶማሊያና የሱዳን ሰው እንዳይገባ የከለከለው መንግሥት የተመረጠው በነዚያው ድምፆች ነው። ዘመዶቼ ካርቱም ቀርተዋል። አሁን ደግሞ ሉዊዚያና በ2024፣ ቴክሳስ በ2025 በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍል አሥርቱ ትእዛዛት ይሰቀል ብለው ሕግ አወጡ፤ ወዲያው ክስ ቀረበባቸው። ከማልፈልገው ትምህርት ልጄን ላስወጣ ብዬ ነው የተሰለፍኩት፤ ከግድግዳ ግን ልጅ አይወጣም። ሜሪላንድ ላይ የወላጅ መብት ሲሉ የነበሩ ሰዎች ቴክሳስ ላይ የወላጅ ፈቃድ አልጠየቁም። ይህን ዲያቆን እንዴት ያየዋል?

ዘሲያትል_ዲያቆን

ወዐለይኩም ሰላም አቡ ሐያት። ስለ ትእዛዛቱ ሰሌዳ ከጠየቅከኝማ እኔ ከአንተ ቀድሜ ነው የምቃወመው፣ በራሴ ምክንያት። ሉዊዚያና ሕጉ ውስጥ ቃል በቃል የሚሰቀለውን ጽሑፍ አስፍራለች፣ የወረቀቱን ስፋት ሳይቀር። ጽሑፉ የፕሮቴስታንቶቹ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች አሥረኛው ምንድን ነው ስላቸው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ይሉኛል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ይህ የለም። «የተቀረጸ ምስል አታድርግ» ግን ጎላ ብሎ አለ። ሥዕል የሚሳለም ልጅ ክፍል ገብቶ ይህን ሲያነብ መምህሩ እንዴት ሊያስረዳው ነው? መንግሥት ክርስትናን ሲያስተምር የማን ክርስትና የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መልሱ የእኛ አይሆንም።

ባፕቲስቶቹ ራሳቸው ይህን ያውቁት ነበር እኮ። በ1802 ጄፈርሰን በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል ግንብ አለ ብሎ የጻፈው ለኮነቲከት የዳንበሪ ባፕቲስቶች ነው። ያኔ ኮነቲከት ውስጥ የመንግሥት ድጋፍ ያላት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እነሱ አናሳ ነበሩ፣ እንደ እኛ አሁን።

ቡና_ያለ_ስኳር

ዲያቆን ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ጀመሩ 👏

ጎንደሬው77

እኛስ? ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው ብለን በ1955ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ተዋሕዶን የመንግሥት ሃይማኖት አላደረግንም? አሁን ደግሞ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፣ ቤተ መንግሥቱ ግን

አወያይ

ጎንደሬው፣ የመልእክትህን ሁለተኛ ክፍልና ከሥሩ የመጡትን ሁለት ምላሾች አንሥቻለሁ። የአገር ቤቱ ጉዳይ ሌላ ክር አለው፣ እዚያ ተወያዩ። ስድብ አይፈቀድም።

ሐና_ኮሎምበስ

ሁላችሁም እንቅስቃሴው የፈለገውን ሁሉ የሚያገኝ አስመሰላችሁት። ኦሃዮ ነው የምኖረው። «ሮ» ከተሻረ በኋላ ካንሳስ፣ ያቺ ቀይ (የሪፐብሊካኖች) የምትባለው ካንሳስ፣ በነሐሴ 2022 የጽንስ ማቋረጥ መብትን ከሕገ መንግሥቷ ለማውጣት የቀረበውን ሐሳብ 59 በመቶ በሚሆን ድምፅ ጣለችው። የኛ ክፍለ ግዛት በኅዳር 2023 መብቱን በሕገ መንግሥት አሰፈረ። ከዚያ በፊት በነሐሴ ወር ማሻሻያ ለማጽደቅ 60 በመቶ ያስፈልግ የሚል ሐሳብ አምጥተው ነበር፣ እሱም ወደቀ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ጎረቤቶቼ ማክሰኞ ምን እንደመረጡ አውቃለሁ። በ2024 ሪፐብሊካኖቹ ራሳቸው በመላ አገሪቱ ጽንስ ማቋረጥን እንከልክል የሚለውን የቆየ አቋም ከፓርቲው መርሐ ግብር አወጡት። ፓስተሮቹ አጉረመረሙ፣ ድምፃቸውን ግን ሰጡ።

ሲልቨር_አባት

ሐና፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ እኔ ከመጀመሪያው ልላት የፈለግኳት ናት። እነዚህ ክርስቲያኖች መንግሥትን ይመራሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ነገሩን ሳየው ግን የሚሰሙት ፓርቲው ራሱ በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። ዳኞች፣ ትምህርት ቤት፣ ጽንስ ማቋረጥ፣ እዚያ ላይ ጆሮ ያገኛሉ። ስደተኛ ላይ ሲሆን ማን ይሰማቸዋል?

ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ከሱዳን ካምፕ ወደዚህ የመጣን ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያ ማን እንደተቀበለን እናስታውስ። የካቶሊክ፣ የሉተራን፣ የኤጲስቆጶሳውያን ድርጅቶች ናቸው። ወርልድ ሪሊፍ የወንጌላውያን ማኅበር ክንድ ነው፤ ስደተኛ ያሰፍራል፣ ለዓመታትም ስለ ስደተኛ ሲለምን ኖሯል። በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላው በአንድ ፊርማ ቆመ። በሚያዝያ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። በግንቦት ኤጲስቆጶሳውያኑ ነጭ ደቡብ አፍሪካውያንን ብቻ አስቀድማችሁ አስፍሩ ሲባሉ እምቢ ብለው ወጡ።

ፔፕፋርም እንደዚያው። ዳላስ በትክክል እንዳለው ወንጌላውያን የገፉት ሥራ ነው። በ2023 ግን ዋሽንግተን ያሉ ወግ አጥባቂዎች ገንዘቡ ለጽንስ ማቋረጥ ይውላል ብለው የአምስት ዓመት እድሳቱን አስቀሩት፤ በመጋቢት 2024 የተሰጠው የአንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ዩኤስኤአይዲ ሲፈርስ አንዳንድ የወንጌላውያን መሪዎች ስለ መድኃኒቱ ተማጽነዋል። ዳኛ ሲሾም ስልካቸው ቶሎ ይነሣ ነበር፣ በዚህ ላይ ግን ማንም ሲቸኩል አላየንም።

የዳላሱ_ጴንጤ

ስለ ስደተኛው አልከራከርህም። የኛ ቤተ ክርስቲያን አባላት ግማሹ ጉዳይ ያለበት ነው፤ ጸሎት ላይ ስሙ የሚጠራው ወረቀት የሌለው ወንድም በዝቷል። ግን መፍትሔው ከፖለቲካ መውጣት ነው ብለህ ከሆነ አልቀበልም። ወጥተን ለማን እንተወው? በመጪው የክፍለ ግዛት ምርጫ ለአንድ ሪፐብሊካን ዕጩ ሰፈር ለሰፈር ልዞር ነው፣ ስለ ስደተኛም በአካል እነግረዋለሁ።

ሲልቨር_አባት

ንገረው። ምን እንዳለህም እዚሁ ጻፍልን።

እናት_ጌይተርስበርግ

ይቅርታ፣ ክርክሩን አነበብኩት፣ ብዙ ተማርኩ። የኔ ጥያቄ ግን ተራ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። አሁን እኔ ምንድን ነው የማደርገው? ትምህርት ቤቱ ይነግረኛል ወይስ እኔ ነኝ የምጠይቀው? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም።

ሕግ_ቤት

እኅቴ፣ የሕግ ምክር ሳይሆን የተጻፈውን ልንገርሽ። ውሳኔው ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ መጻሕፍቱን ወይም ተመሳሳያቸውን ከመጠቀሙ በፊት ለከሳሾቹ ወላጆች እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ ነው የሚለው። ካውንቲው ከዚያ በኋላ ለሌሎችም ወላጆች መጠየቂያ መንገድ አበጅቷል። ዋናው የፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆነኛል ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ መዝገብ ብለሽ፣ ጥያቄሽን በቃል አታቅርቢ፣ በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ ላኪ፣ ቅጂውን ያዢ። የልጅሽን ስም፣ ክፍሏንና የሃይማኖት ምክንያት መሆኑን ጥቀሺ። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ብዙ ነገር በአማርኛም ያወጣሉ፤ አስተርጓሚም ጠይቂ፣ በነፃ ነው።

ሲስተር_ከጎፋ

መጽሐፉንም ራስሽ አንብቢው የኔ እናት። ምን እንደሚል ሳታዪ አትፈርሚ።